ከቁልቋል እስከ ቡና፦ ዕፅዋት ተለዋዋጭ የአየር ንብረትን እንዴት ኖሩበት?

ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት እየወጣ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ፣ ስልኩን ትቶ በመስኮት ወደ ውጭ ካየ፣ ስድሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ የዕፅዋት ዓለም ሲለዋወጥ ይታዘባል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ ዙሪያ ቅጠሉ ደቃቅ የሆነ እሾሃማ ግራር፣ ቁርቁራ፣ ቅጠሉ የወፈረ እሬትና ከነጭራሹ ቅጠል ያለው የማይመስል ቁልቋል ይበዛሉ። መንገዱ ሐረማያ አካባቢ ከ2,000 ሜትር አልፎ እንደገና ወደ ሐረር፣ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ሲወርድ ደግሞ የማሽላና የጫት ማሳ፣ እዚህም እዚያም ቡና፣ ከመቆረጥ የተረፈ ጽድና ወይራ ይታያል። የአካባቢው ሰው ይህን የቆላና የወይና ደጋ ልዩነት ብሎ ያልፈዋል፤ ትክክልም ነው። ይሁንና ቆላው የራሱን፣ ወይና ደጋው የራሱን ዕፅዋት እንዲይዝ ያደረገው ሂደት ወደ 470 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው፤ ያን ረጅም ዘመን ከዳር እስከ ዳር ለመረዳት ደግሞ አንዲት ሒሳብ ማወቅ ብዙውን ሥራ ታቃልላለች። ሒሳቧም ተክል አየር ለማግኘት ውሃ መክፈል አለበት የምትል ናት።

ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን አስተፃምሮ ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ጉልበት፣ ከሥሩ ውሃ፣ ከአየር ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም እኛ ወደ ውጭ የምንተነፍሰውን የተቃጠለ አየር ይወስዳል። አየሩ ወደ ውስጥ የሚገባው ስቶማታ በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ የቅጠል ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳው ሲከፈት ግን የተቃጠለው አየር ብቻ አይገባም፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው እርጥበትም በዚያው ይወጣል። ሥር ከአፈር ከሚስበው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቅጠል በኩል ተንኖ የሚጠፋ ሲሆን፣ እንደ ስንዴና ቡና ያለ ተክል አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ለማስገባት በመቶዎች የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎችን ያጣል። ቀዳዳውን ቢዘጋ ይራባል፤ ቢከፍተው ይጠማል። እንስሳ ሲሞቀው ወደ ጥላ ይሸሻል፤ ተክል ግን በበቀለበት ቦታ ሆኖ ይህን ንግድ በየደቂቃው መነገድ አለበት። የአየር ንብረት ሲለወጥ በመሠረቱ የሚለወጠው የዚህ ንግድ ዋጋ ነው፤ ሙቀትና ድርቅ ውሃውን ያስወድዱታል፣ በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ደግሞ ሸቀጡን አንዳንዴ ያረክሰዋል፣ አንዳንዴ ያስወድደዋል።

ይህ ንግድ የተጀመረው ዕፅዋት ከውሃ ወደ የብስ ሲወጡ ነው። የዛሬዎቹ የየብስ ዕፅዋት ሁሉ ቅድመ አያት በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ይኖር የነበረ አረንጓዴ ዋቅላሚ ወይም አልጌ ሲሆን፣ የብስ ላይ ስለመውጣቱ ጥንታዊ ከሚባሉት ማስረጃዎች አንዱ 470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ደቃቅ የዘር ብናኞች ናቸው። በውሃ ውስጥ የሚኖር ተክል ድርቀት የሚባል ችግር አያውቅም፤ የብስ ላይ ግን በሰም የተቀባ ቆዳ፣ በቆዳው ላይም የሚከፈቱና የሚዘጉ ቀዳዳዎች ያስፈልጉታል። 430 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ኩክሶኒያ የተባለው ቅሪተ አካል ቁመቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ቅጠል የሌለው፣ ለሁለት ለሁለት እየተከፈለ የሚሄድ ዘንግ ነበር። ከዚያ በኋላ 45 ሚሊዮን ዓመት ያህል ቆይቶ ግን አርኪዮፕተሪስን የመሰሉ፣ እውነተኛ ግንድና ጥልቅ ሥር ያላቸው ዛፎች ምድርን ማልበስ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ዕፅዋት የአየር ንብረትን ዝም ብለው የሚቀበሉ ብቻ አልነበሩም፤ ራሳቸውም ለውጠውታል። ሥሮቻቸው አለቱን እየፈረካከሱ በዝናብ የሚታጠብ አፈር ሲፈጥሩ፣ በዚያ ሂደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እየተወሰደ ወደ ባሕር ይገባ ነበር፤ ከ359 እስከ 299 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው የካርቦኒፌረስ ዘመን ደግሞ ረግረጋማ ደኖች ሳይበሰብሱ እየተቀበሩ ዛሬ የምናነደው የድንጋይ ከሰል ሆኑ። አየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አነሰው፣ ምድርም ቀዘቀዘች፣ በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ሰፊ የበረዶ ግግር ተከመረ። ሰፋፊ ቅጠል ራሱ የዚህ ለውጥ ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ የየብስ ዕፅዋት ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሰፊ ቅጠል ያላወጡበትን ምክንያት ተመራማሪዎች ሲያስረዱ፣ አየሩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ስለነበር ተክል ብዙ ቀዳዳ አያስፈልገውም ነበር ይላሉ፤ ቀዳዳው ጥቂት የሆነ ሰፊ ቅጠል ግን በቂ ላብ ስለማያወጣ በፀሐይ ይቀቀላል። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ ቀዳዳዎች በዙ፣ ቅጠሉም በትነት እየቀዘቀዘ መስፋት ቻለ። የቀዳዳ ብዛት ከአየሩ ጋር አብሮ መለዋወጡ ዛሬም ይታያል፤ ኢያን ውድዋርድ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ተለቅመውና ደርቀው በተቀመጡ የእንግሊዝ ዛፎች ቅጠል ላይ ቀዳዳዎችን ቆጥረው፣ የፋብሪካ ጭስ በበዛበት በዚያ ዘመን የቀዳዳው ብዛት 40 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይተዋል።

ዕፅዋት ግን ከአየሩ ጋር መለዋወጥ ሁልጊዜ አልተሳካላቸውም። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዛሬዋ ሳይቤሪያ የፈነዳው እሳተ ገሞራ አየሩን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያጨናንቅና ምድርን በድንገት ሲያሞቅ፣ በደቡባዊው ክፍለ ዓለም ተንሰራፍተው የነበሩት የግሎሶፕተሪስ ደኖች ጠፉ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ሚሊዮን ዓመት ያህል በየትኛውም የዓለም ክፍል የድንጋይ ከሰል አልተፈጠረም፤ ከሰል የሚሆን ረግረጋማ ደን አልነበረምና። በዝግታ ሲለወጥ የተቻለው ነገር በፍጥነት ሲለወጥ ገዳይ ሆነ፤ ይህን ነጥብ ወደ ዛሬው ዘመን ስንደርስ እንመለስበታለን።

የድሬዳዋ ሲሚንቶ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ባሕር ይህን አካባቢ ባጥለቀለቀበት በጁራሲክ ዘመን የተነጠፈ ነው። በዚያ ዘመን በባሕሩ ዳርቻ የቆመ ተመልካች ቢኖር ኖሮ የሚያየው የጽድ ዘመዶችንና ፈርንን እንጂ አንድም ሣር ወይም የቡና አበባ አይሆንም ነበር። አበባ አውጪ ዕፅዋት በቅሪተ አካል በግልጽ የሚታዩት ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። በቅጠላቸው ውስጥ የውሃ ቧንቧ የሆኑት ጅማቶች ከቀደምቶቻቸው እጅግ የተጠጋጉ በመሆናቸው፣ ውሃ እስካገኙ ድረስ ቀዳዳቸውን በሰፊው ከፍተው በፍጥነት ማደግ ይችላሉ፤ ለመስፋፋታቸው ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ተክል ከቦታው አይንቀሳቀስም ብንልም ዘሩ ይንቀሳቀሳል። ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት የምድር ሙቀት በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ጨምሮ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዛሬዋ አሜሪካ ዋዮሚንግ የተገኙ የቅጠል ቅሪቶች እንደሚያሳዩት፣ የደቡቡ ሞቃት አገር ዕፅዋት ከ650 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተጉዘው በነባሮቹ ቦታ ሲተኩ፣ ከእንግዶቹ መካከል የባቄላ ቤተሰብ የሆኑ ዕፅዋት ጎልተው ታይተዋል። ይህ ቤተሰብ ደረቅና ሞቃት ቦታን የሚችሉ ብዙ አባላት ያሉት ነው። ግራር የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል «የድሬዳዋ ዛፍ» እየተባለ የሚጠራው፣ አበባው እንደ ፍም የሚቀላው የጥላ ዛፍም እንዲሁ። የሚገርመው፣ የድሬዳዋን ስም ይዞ በየከተማው የሚተከለው ይህ ዛፍ በትውልዱ ድሬዳዋዊ አለመሆኑ ነው፤ አገሩ ማዳጋስካር ነው። የደሴቲቱ ደረቅ ደኖች ግማሹን ዓመት ዝናብ አያዩም፤ ዛፉም ውሃው ሲወደድ ቅጠሉን አራግፎ ንግዱን መዝጋትን የተማረው እዚያ ነው። ድሬዳዋ ሲደርስ ያገኘው አየር እንግዳ አልሆነበትም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ጎንደር አጠገብ በጭልጋ የተገኙትና ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የቅጠልና የግንድ ቅሪቶች እንደሚመሰክሩት፣ በዚያ ዘመን ዘንባባ የበዛበት እርጥብ ደን ነበር። በሰሜን ሸዋ በሙሽ ሸለቆ የተገኙት 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆኑ ቅጠሎችም የደን ቅጠሎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ስምጥ ሸለቆው እየተከፈተ፣ ዳርና ዳሩም ወደ ላይ እየተነሳ ሲሄድ፣ የዓለም አየርም በአጠቃላይ እየቀዘቀዘና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየቀነሰ ሲመጣ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ቀስ በቀስ ደረቀች። ደን ለሣር ሜዳ ቦታ መልቀቅ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው፤ በዚሁ ጊዜ ነው ዛሬ የሐረርጌን ገበሬ የሚመግበው ታላቁ ፈጠራ ጎልቶ የወጣው።

ፈጠራውን ለመረዳት ሩቢስኮ ከሚባለው ኢንዛይም መጀመር ይሻላል። ሩቢስኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ወደ ስኳር ሥራ የሚያስገባ፣ በእያንዳንዱ አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለ ሠራተኛ ነው። ይህ ሠራተኛ የተፈጠረው አየሩ ኦክስጅን ባልነበረው ጥንታዊ ዘመን ስለሆነ፣ ኦክስጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በደንብ ለይቶ አያውቅም፤ ኦክስጅንን በስሕተት ሲይዝ ተክሉ ያንን ለማስተካከል የደከመበትን ያባክናል፤ በሞቃት ቀን ብክነቱ ሩብ ያህል ሊደርስና ሊበልጥም ይችላል። ድርቅ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል፤ ተክሉ ውሃ ለመቆጠብ ቀዳዳውን ሲዘጋ በቅጠሉ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያልቅና ኦክስጅን ይቀራል፣ ስሕተቱም ይበዛል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና ሸንኮራ አገዳ ለዚህ መላ አላቸው። በውጨኛው የቅጠል ክፍል የማይሳሳት ሌላ ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይቀበልና፣ በጅማቱ ዙሪያ ወዳለው ውስጠኛ ክፍል ያስገባዋል፤ ሩቢስኮ የሚሠራው እዚያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተጨናነቀበት ጓዳ ነው። በር ላይ የቆመ ንቁ ዘበኛ የሚፈለገውን ብቻ እየለየ ወደ ውስጥ እንደሚያሳልፍ ማለት ነው። ውጤቱም ማሽላ ቀዳዳውን በጥቂቱ ብቻ ከፍቶ ለተመሳሳይ ምርት ስንዴ ከሚያወጣው ውሃ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይከፍላል።

ይህ ስልት በሳይንቲስቶች ዘንድ ሲ-አራት ይባላል፤ የተለመደው የስንዴ፣ የገብስ፣ የቡናና የጫት መንገድ ሲ-ሦስት ነው። ከዕፅዋት ዝርያዎች ሲ-አራት የሆኑት 3 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆኑም በየብስ ላይ ከሚሠራው የዕፅዋት ምግብ ሩብ ያህሉን ይሠራሉ፤ ይበልጥ የሚደንቀው ደግሞ ስልቱ የተገኘው አንድ ጊዜ ሳይሆን፣ በማይዛመዱ የዕፅዋት ወገኖች ከ60 ጊዜ በላይ ለየብቻ መሆኑ ነው። ዝግመተ ለውጥ እንዲህ ያለ መፍትሔ ላይ ደጋግሞ መድረሱ ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ የሚናገር ይመስለኛል። የምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች ባለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት በሲ-አራት ሣር እየተሸፈኑ መምጣታቸው የታወቀው በአብዛኛው ከጥርስ ነው፤ ሁለቱ ስልቶች ከባዱንና ቀላሉን የካርቦን ዓይነት በተለያየ ሚዛን ስለሚይዙ፣ የበላቸው እንስሳ ጥርስ ላይ ልዩነቱ ታትሞ ይቀራል። በአዋሽ ሸለቆ በሐዳር የተገኙት የሉሲ ወገኖች ጥርስ በዚህ መንገድ ሲመረመር፣ ከደን ፍሬ አልፈው ከሣር ሜዳው ምግብ ይመገቡ እንደነበር ታውቋል።

ቁልቋልና እሬት ሌላ መንገድ መርጠዋል። የጀጎል በሮች በድሮ ጊዜ ሲነጋ ተከፍተው ሲመሽ ይዘጉ ነበር፤ ቁልቋል ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ቀን፣ ፀሐዩ ውሃን በሚያስወድድበት ሰዓት፣ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍትና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአሲድ መልክ ያከማቻል፤ ሲነጋ ያንኑ እያወጣ በብርሃን ይሠራበታል። ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ የሚከፍለው ውሃ ግን ከማሽላም እጅግ ያነሰ ነው። በሐረርጌ አጥር ላይ ከቁልቋል ጋር ጎን ለጎን የሚበቅለውን በለስ ብዙ ሰው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ብሎ ያስባል፤ መልካቸውም ያሳስታል። በለስ ከሜክሲኮ አካባቢ በሰው እጅ የመጣ የካክተስ ወገን ሲሆን፣ ቁልቋል ግን የአፍሪካ ተወላጅና የካስተር ወይም የጉሎ ዘመድ ነው። ሁለቱ በውቅያኖስ ተለያይተው፣ በተመሳሳይ ድርቅ ተቀርጸው፣ ለየብቻቸው ወደ አንድ መልክ ደረሱ። ለመለየት ቀላሉ ዘዴ መቁረጥ ነው፤ ከቁልቋል የሚፈሰው ነጭ ወተት ከበለስ አይወጣም።

ከ21,000 ዓመት ገደማ በፊት የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲበረታ፣ በአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 190 ገደማ ወርዶ ነበር፤ ተክል ቀዳዳውን ከፍቶም ብዙ የማያገኝበት ዘመን ነበር ማለት ነው። የባሌ ተራሮች አናት በበረዶ ተሸፈነ፣ የደጋው ዕፅዋትም ወደ ታች ወረዱ። በረዶው ሲቀልጥ አስታ የተባለው የደጋ ተክል ወደ ላይ መልሶ ወጣ፤ በተራራው ሐይቆች ደለል ውስጥ የተቀበረው የአበባ ብናኝ ይህን መዝግቦ አቆይቶልናል። ቀጥሎም ከ15,000 እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የምድር የምሕዋር አቀማመጥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ላይ የሚያርፈውን ፀሐይ ስላበረታው፣ የአፍሪካ ዝናብ በዛ፤ ሰሐራ ሣር አበቀለ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሞሉ። ዝናቡ መልሶ ሲቀንስ እንደ ጽድና ዝግባ ያሉ የደረቅ ደጋ ዛፎች ተስፋፉ። በደንገጎ ላይ ዛሬ የምናየው ጽድ የዚህ ሁሉ መውጣትና መውረድ ቅሪት ነው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ እንመለስ። ከበረዶው ዘመን ሲወጣ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ80 ያህል ለመጨመር 7,000 ዓመት ገደማ ወስዶበታል። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው 280 ተነስቶ ከ420 በላይ ለመድረስ ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ብቻ በቅቶታል። አንዳንዶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለተክል ምግብ ስለሆነ ጭማሪው በረከት ነው ሲሉ ይሰማል። ከፊሉ እውነት ነው፤ እንደ ስንዴ ያሉ ሲ-ሦስት ዕፅዋት ቀዳዳቸውን ጠበብ አድርገው ውሃ መቆጠብ ይችላሉ። ነገር ግን በዚህ ሁኔታ የሚበቅል ስንዴ ፕሮቲኑ፣ ዚንኩና ብረቱ ይቀንሳል፤ ዝናቡ ከቀረ ደግሞ የረከሰ አየር ብቻውን ምርት አይሆንም።

ወደ ላይ በ1,000 ሜትር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የአንድ ዲግሪ ሙቀት መጨመር ለተክል 150 ሜትር ያህል ወደ ታች እንደመውረድ ይቆጠራል። ቀድሞ የተመቸውን አየር የሚፈልግ ተክል ያንኑ ያህል መውጣት አለበት፤ ተራራ ግን ወደ ላይ ሲኬድ እየጠበበ ይሄድና ጫፍ ላይ ያበቃል። የሐረር ቡና ከዚህ ጋር የተፋጠጠ ነው። አረቢካ ቡና ሁለት የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ውልደቱን ከ610,000 ዓመት ገደማ በፊት ያደርገዋል። ከአንድ ጠባብ ምንጭ ስለመጣ የዘረመሉ ስብጥር ትንሽ ነው፤ ተፈጥሮውም በደን ጥላ ሥር፣ በ20 ዲግሪ አካባቢ፣ በርጥብ አየር መኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ፣ በኢትዮጵያ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል፤ ከፍ ወዳለ መሬት ከተዛወረ ግን የሚመቸው ስፋት አሁን ካለው ብዙ እጥፍ ሊሆን እንደሚችልም አክሏል። ቡና ግን በእግሩ አይሄድም፤ ከፍ ያለው መሬት ደግሞ ባለቤት አለው። በሐረርጌ ቡና እየተነቀለ በጫት የተተካውን ሁሉ በአየር ንብረት ማሳበብ ልክ አይደለም፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ መሸጡና ዋጋው ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይሁንና ጫት ድርቅን ከቡና የተሻለ መቻሉ በገበሬው ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

የማሽላው ታሪክ ከዚህ ይለያል። የሐረርጌ ገበሬ በልግ ሲዘንብለት እንደ ሙይራ ያለውን ረጅም ጊዜ የሚወስድ ማሽላ ይዘራል፤ በልጉ ሲቀርበት ቶሎ ወደሚደርሰው ዘር ይዞራል። ማሽላ ራሱም ሲጠማ ቅጠሉን ጠቅልሎ፣ ዕድገቱን ገትቶ ዝናብ መጠበቅ ይችላል። ከኢትዮጵያ ማሽላዎች መካከል አንዱ፣ ፍሬ በሚይዝበት ወቅት ድርቅ ቢመጣም ቅጠሉ ቶሎ የማይደርቅ በመሆኑ፣ ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በህንድ ድርቅ ቻይ ዘር ለማራባት ከሚያገለግሉት ዋና ምንጮች አንዱ ሆኗል። የዚህ ባሕርይ ምስጢር አንዱ፣ ተክሉ በወጣትነቱ ቅጠል አብዝቶ ውሃውን አለማባከኑ፣ ለፍሬው ጊዜ ከአፈሩ ማስቀረቱ ነው። የማሽላ ዘር ደርቆና ቀዝቅዞ በዘር ባንክ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ባሕርይ ዛሬ ባይፈለግ እንኳ ለነገ ይቀመጣል። የቡና ፍሬ ግን ያን ያህል መድረቅንና ቅዝቃዜን አይችልም፤ በመጋዘን ከጥቂት ዓመታት በላይ የመብቀል ኃይሉን አይጠብቅም። ስለዚህ የቡናን ዝርያ ማቆየት የሚቻለው በአብዛኛው በቁሙ፣ መሬት ላይ ተክሎ፣ በየዓመቱ ውሃውን እየከፈሉለት ነው።